የአሮጌ ስፖርት መኪና ሞተርን በትንሽ ወጪ ማጠንከር፦ ከሚያታዬ የተማርኩት

መኪናዬ የ1990 ማዝዳ ሚያታ ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ 1.6 ሊትር ሞተር ያላት ትንሽ የስፖርት መኪና። ከፋብሪካ ስትወጣ 116 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። ዕድሜዋ ግን 30 ዓመት አልፏል፤ ዳገት ላይ መሳብ ካቆመች ሰነባብታ ነበር። ብዙ ገንዘብ የለኝም። ስለዚህ የምጽፈው ኪሱ እንደኔ ለሆነ ሰው ነው። ምሳሌዬ ሚያታ ብትሆንም አብዛኛው ነገር ለሌላም አሮጌ መኪና ይሠራል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አሮጌ ሞተር ላይ በርካሽ የሚገኘው ትልቁ ጉልበት ሞተሩ በዕድሜ ብዛት የጣለው ነው። መጀመሪያ እሱን አስመልሱ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ የሚገባቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፦ ከፍ ያለ ሊትር ያለው ሞተር ወይም ቱርቦ (በጭሱ ኃይል ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ)። በመሃል ያለው የሚያብረቀርቅ ዕቃ ሁሉ፣ በኔ እምነት፣ ባብዛኛው ድምፅ ነው።

ከሁሉ በፊት መለኪያ ያስፈልጋችኋል። ዳይኖ (የሞተር ጉልበት የሚለካ ማሽን) ላይ ማስለካት በየጊዜው ገንዘብ ይጠይቃል። የሹፌር ስሜት ደግሞ ውሸታም ነው። ድምፁ ከጨመረ መኪናዋ የፈጠነች ይመስለናል። እኔ የተጠቀምኩት ስልኬን ነው። የፍጥነት መለኪያውን እንዲቀርጽ አድርጌ አስረዋለሁ። ለሌላ ተሽከርካሪ ዝግ የሆነ ሜዳ መንገድ ላይ በ3ኛ ማርሽ ከ60 በታች እየነዳሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው እረግጣለሁ። ከ60 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የፈጀችውን ጊዜ በኋላ ከቪዲዮው ላይ እለካለሁ። ነፋስና ትንሽ ዳገት እንዳያታልሉኝ በሁለቱም አቅጣጫ እሞክርና አማካዩን እወስዳለሁ። የታንኩ ነዳጅ፣ የጎማው አየርና የቀኑ ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የመኪናዋ ፍጥነት መለኪያ ትንሽ ቢዋሽ ችግር የለውም፤ ዛሬም ነገም የሚዋሸው እኩል ነው።

ሒሳብ ለሚወድ፦ ከነሹፌሩ 1,060 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከ60 ወደ 100 ለመድረስ 262 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል። በ8 ሰከንድ ከደረሰ በአማካይ 33 ኪሎዋት፣ ማለትም 44 የፈረስ ጉልበት ገደማ ለማፍጠን ውሏል። በ6 ሰከንድ ተኩል ከደረሰ 55 ይጠጋል። ይህ የሞተሩ ጣሪያ አይደለም፤ ነፋስ የሚበላውም አልተቆጠረም። ለማወዳደር ግን ከበቂ በላይ ነው። የኔዋ ሥራ ሳልጀምር ከ8 ሰከንድ በላይ ትፈጅ ነበር።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት፤ በካንዴላው ቀዳዳ በሚገባ ጌጅ ይለካል። ሞተሩን ማሞቅ፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ ማውጣት፣ ነዳጁን እስከ ታች ረግጦ ሞተሪኖውን ማስነሳት። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ የደከመ ባትሪ ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ያስመስላል። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ የማየው አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸውን ነው። አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምሩና ድገሙት። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ካልወጣ ቫልቭ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ነው። ሞተሩ እዚህ ፈተና ላይ ከወደቀ ከዚህ በታች ያለውን አታንብቡ፤ ገንዘባችሁን ለእድሳቱ ያዙት። የኔ አራቱም ተቀራራቢ ሆኑና ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ትርፍ ሰባራ ሳንቲም አላስወጣኝም። የአየር ቱቦውን ከትሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ዕቃ) ላይ ፈታሁ። ጓደኛዬ ገብቶ ሞተሩ ጠፍቶ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠ። እኔ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አየሁ። ክብ መዝጊያዋ ሙሉ በሙሉ መጋደም ሲገባት ገደድ ብላ ቆማለች! ምክንያቱ ሁለት ነበር። ካቦው በዕድሜ ረዝሟል። ከፔዳሉ ስር ደግሞ ድርብ ምንጣፍ አለ። ምንጣፉን አወጣሁ፤ ካቦውን በጫፉ ካሉት ዳዶዎች አጠበቅሁት። ትንሽ ልል ማድረጉን አትርሱ። ከጠበቀ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) ከፍ ብሎ ይቀራል። እስከዚያ ቀን ድረስ "እስከ መጨረሻው ረገጥኩ" ስል የኖርኩት እስከ መጨረሻው አልነበረም ማለት ነው።

እዚያው ሳላችሁ የትሮትሉን ማብሪያ ማጥፊያ እዩ። በማንዋል ማርሹ 1.6 ሞተር ላይ ይህ ዕቃ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እግር ተነሥቷል፣ ወይም እስከ ታች ተረግጧል። እስከ ታች መረገጡን ካልነገረው ኮምፒውተሩ ለሙሉ ጉልበት የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ነዳጅ አይሰጥም። በመልቲሜትር ይፈተሻል። ካስፈለገ ሁለቱን ብሎኖች አላልቶ ማዞር ይበቃል።

ቀጥሎ እሳቱ። የካንዴላ ካቦ በዚህች መኪና ላይ ቶሎ ከሚደክሙት ዕቃዎች አንዱ ነው። ቦቢናው ከሞተሩ ኋላ፣ ሙቀት በሚከማችበት ቦታ ስለተቀመጠ ካቦዎቹ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ለመፈተሽ ጨለማ ጠብቁ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ በመርጫ ጠርሙስ ስስ የውሃ ጉም ካቦዎቹ ላይ ንፉ። እጃችሁንና ልብሳችሁን ከቺንጋውና ከካቦዎቹ አርቁ። የኔ ላይ ከሦስተኛው ሲሊንደር ካቦ ወደ ቴስታታው ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል በዓይኔ አየሁ። ያ ብልጭታ ሲሊንደር ውስጥ መሆን የነበረበት ነው። ጭነት ሲበዛ፣ ማለትም ዳገት ላይ ወይም ነዳጅ ሲረገጥ፣ በሲሊንደሩ ያለው ግፊት ከፍ ስለሚል እሳቱ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ ስለዚህ ሚኒሞ ላይ ምንም ሳይታወቅ ሲነዱ ብቻ ጉልበት ይጠፋል። ካቦውንና ካንዴላውን አብሬ ቀየርኩ። ካንዴላው ፋብሪካው ያዘዘው ተራ ዓይነት ነው፤ ክፍተቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ። ውድ የኢሪዲየም ካንዴላ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ጤነኛ ሞተር ላይ ግን ጉልበት ሲጨምር አላየሁም።

የአየር ፊልትሮ፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ዘይት፦ በየጊዜው ካልተቀየሩ ቀይሩ፤ ሌላ የምለው የለኝም። ኦክስጅን ሴንሰሩን ቀይር የሚል ምክር ሁሌም ይሰማል። የደከመ ሴንሰር ነዳጅ ያስበላል፣ ካታላይቱንም (የጭስ ማጣሪያውንም) ይጎዳል። ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ ግን ይህ ኮምፒውተር ሴንሰሩን አይሰማውም። ስለዚህ ቀይሩት፤ ጉልበት ግን ከሱ አትጠብቁ።

ካታላይቱና ማርሚታው መዘጋት አለመዘጋታቸውን ለማወቅ ርካሽ የቫኩም ጌጅ ይበቃል። ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) ጋር አገናኙትና ሞተሩን 2,500 ዙር አካባቢ አቁሙት። መርፌው ባለበት ከጸና መንገዱ ክፍት ነው። ቀስ እያለ እየወረደ ከሄደ ጭሱ መውጫ አጥቷል። የተዘጋ ካታላይት ያለው መኪና ምንም ቢደረግለት አይስብም። ቆርጦ መጣል ብዙ ቦታ ሕገ ወጥ ነው፤ ጤነኛ ካታላይት የሚወስደው ጉልበት ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ለዚያ ሲሉ መቀጣት አያዋጣም።

አሁን ወደምወደው ክፍል፣ ወደ ታይሚንጉ። ፋብሪካው መነሻውን 10 ዲግሪ ላይ ነው ያስቀመጠው፤ ማለትም ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ቀድሞ እሳት ይነሳል። ብዙ የሚያታ ባለቤቶች 14 ላይ ያደርጉታል፤ እኔም እንደዚያው። የሚያስፈልገው የታይሚንግ መብራት፣ አጭር ሽቦና ባለ 12 ቁልፍ ነው። በሞተሩ ክፍል «ዲያግኖሲስ» የሚል ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ። ክዳኑ ውስጥ ቲ-ኢ-ኤን እና ጂ-ኤን-ዲ ተብለው የተጻፉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦው አገናኙ። ይህ ካልተደረገ ኮምፒውተሩ ታይሚንጉን በራሱ እየቀያየረ ያደናብራችኋል። ሞተሩ የሞቀ፣ መብራትና ኤሲ የጠፋ፣ ሚኒሞው 850 ዙር አካባቢ መሆን አለበት።

የመብራቱን መያዣ አንደኛው ሲሊንደር ካቦ ላይ ቆልፉ። የክራንክ ፑሊው (ከሞተሩ ፊት ታች ያለው መዘውር) ምልክት በዘይትና በአቧራ ስለሚሸፈን አስቀድሜ በጨርቅ ጠርጌ በነጭ የጽሑፍ ማረሚያ አቀለምኩት። ያለዚያ ምንም አይታይም። ከዚያ ከቴስታታው ኋላ ያለውን የካም ሴንሰር (እሳቱ መቼ እንደሚነሳ ለኮምፒውተሩ የሚጠቁመውን ዕቃ) ብሎን ትንሽ አላላሁ። ሴንሰሩ በእጅ ይዞራል፤ ግን በጣም ትንሽ፣ የፀጉር ያህል ነው የሚንቀሳቀሰው። በአንድ በኩል ሲዞር ነጯ ምልክት ወደ 10 ትመለሳለች፤ በሌላው በኩል ታልፈዋለች፣ ሚኒሞውም ከፍ ይላል። የኔ ሞተር ላይ ሽፋኑ የሚያሳየው እስከ 10 ስለሆነ 14ን በምልክቶቹ መካከል ባለው ርቀት ገምቼ ፑሊው ላይ ሁለተኛ ነጥብ አደረግሁ። የሚስተካከል መብራት ያለው ሰው ከዚህ ጣጣ ይገላገላል። ብሎኑን አጥብቃችሁ እንደገና እዩት፤ ሲጠብቅ መንሸራተት ይወዳል። በመጨረሻም ሽቦዋን ንቀሉ። የሴንሰሩ የላስቲክ ቀለበት ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነም አብራችሁ ቀይሩ፤ በዚህ ዕድሜ ደረቅ ሆኖ የቆየ እምብዛም የለም።

ይህ ሞተር የማንኳኳት (ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ሥርዓት በራሱ መፈንዳት) ሴንሰር የለውም። ታይሚንጉን ካስቀደማችሁ በኋላ ሴንሰሩ የእናንተ ጆሮ ነው። ከፍ ባለ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ጠጠር የገባበት ጣሳ ሲነቀነቅ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው እግራችሁን አንሡ። ቤት ስትደርሱ 2 ዲግሪ መልሱት። ዝም ብሎ የታለፈ ማንኳኳት ፒስተን ይሰብራል። ከፍተኛ ኦክቴን ነዳጅ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ታይሚንጉ 10 ላይ ሆኖ ውድ ነዳጅ መቅዳት ለሞተሩ ምንም አይፈይድለትም፤ ኦክቴን ጉልበት ሳይሆን ማንኳኳትን የመቋቋም አቅም ነው።

ከፍታም መታሰብ አለበት። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከ5 እጅ 1 እጅ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሌላ በኩል እዚያ ማንኳኳት ብርቅ ነው። ደጋ ላይ ተስተካክሎ ዝም ያለ ታይሚንግ ቆላ ሲወረድ ሊያንኳኳ ይችላል። ጉዞ ካላችሁ ከዝቅተኛው ቦታ ተነሥታችሁ አስተካክሉት።

እስከዚህ ካቦ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮና የላስቲክ ቀለበት ነው የገዛሁት። ያ ከ8 ሰከንድ በላይ የነበረው ሰዓት ከ7 በታች ወረደ። ሳልረሳው፣ የግራው የኋላ ፍሬን ነክሶ ነበር። ከጉዞ በኋላ እጄን ወደ ቸርኬዎቹ ሳስጠጋ አንዱ ብቻ ያቃጥል ነበር። በአሮጌ ሚያታ የኋላ ፍሬን መንከሱ የተለመደ ነው። ፈትቶ ማጽዳትና ቅባት መቀባት በቃው። ሞተሩ ላይ ስንት ጊዜ አፍጥጠን ፍሬን የሚበላውን እንረሳለን!

ስለ ድምፁ ዕቃዎች ላውራ። ክፍት የኮን ፊልትሮ ኮፈኑ ስር ሲታሰር የሚስበው ከራዲያተሩ የወጣ የጋለ አየር ነው። አየር በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 1 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ኮፈኑ ስር ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጪው በ20ና በ30 ዲግሪ ሲበልጥ ብርቅ አይደለም። ጓደኛዬ ያዋሰኝን ኮን አስሬ ለክቼዋለሁ፤ ሰዓቱ አልተሻሻለም፣ ድምፁ ግን ልብ ያሞቃል። የጭስ ማኒፎልድም እንዲሁ። የሚያታው ከፋብሪካ ሲመጣ ከቱቦ የተሠራ ጥሩ ማኒፎልድ አለው፤ በውድ ሌላ መቀየር የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ነው። ነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ አየር የሚያሽከረክር ቆርቆሮ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ "ጉልበት ጨማሪ" ሳጥን፦ እነዚህን ለሻጮቻቸው ተዉላቸው።

ክብደት ግን እውነተኛ ነው። 116 የፈረስ ጉልበት ለ1,060 ኪሎ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ፈረስ 9 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። ሻንጣው ውስጥ የተረሳ 45 ኪሎ ኮተት ማውጣት 5 የፈረስ ጉልበት እንደ መጨመር ነው፤ ዋጋው ዜሮ። ትልልቅና ከባድ ቸርኬ ማድረግ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ይከብዳል፣ የጎማው ዙሪያ ካደገም ማርሹን ሁሉ ያረዝማል። ባለ 14 ቀላሉ የፋብሪካ ቸርኬ ለዚህ ሞተር ይስማማዋል።

ከዚህ በላይ ከፈለጋችሁ ወደ ሞተሩ ብዙ አየር መግባት አለበት። ቱርቦ በ7 ፒኤስአይ ግፊት ግማሽ ያህል ተጨማሪ አየር ሊያስገባ ይችላል። ሙቀቱ ከዚያ ላይ ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ እስከዚህ ካነሳኋቸው ዕቃዎች የትኛውም አይደርስበትም። ጤነኛ 1.6 ሞተርም ይህን ያህል ይችላል፤ ነዳጁና ታይሚንጉ በሥርዓት ከተቆጣጠሩት። ችግሩ ይህ "ከተቆጣጠሩት" የሚለው ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ስለ ቱርቦ የሚያውቀው ነገር የለም። ትላልቅ ኢንጀክተሮች፣ የሚስተካከል ኮምፒውተር፣ የነዳጅና የአየር ድርሻ የሚያሳይ ዋይድባንድ ጌጅ ያስፈልጋል። የ1.6ቱ ፍሪሲዮንና ዲፈረንሻልም ትንንሾች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው። የቱርቦው ዋጋ ብቻውን ያማልላል፤ ድምሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። እኔ ጻፍኩትና ተውኩት።

የመረጥኩት የ1994ቱን 1.8 ሞተር ነው። ማዝዳ በዚያ ዓመት ሞተሩን ከ1,597 ወደ 1,839 ሲሲ አሳደገው፤ ጉልበቱ 128 ሆነ። ከሁሉ የሚያስደስተው ያለ ብየዳ ይገባል። ከኋላ ተገጭቶ የቆመ መኪና አገኘሁና ሞተሩን ከነኮምፒውተሩ፣ ከነአየር መለኪያው፣ ከነሽቦው፣ ከነፍሪሲዮኑ ወሰድኩ። ምክሬ ይህ ነው፦ ሁሉንም ከአንድ መኪና ውሰዱ። የ1.6ቱ አየር መለኪያ በር ያለው ነው፣ የ1.8ቱ በጋለ ሽቦ የሚለካ ነው፤ የትሮትል ሴንሰራቸውም አይመሳሰልም። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ መግጠም የሚቻል ቢሆንም ሽቦ ላይ ዕድሜ ይጨርሳል። ሞተሩን ማውጣትና ማስገባት ቀላሉ ሥራ ነበር፤ ጊዜዬን የበላው ሽቦው ነው።

ሞተሩ ወለል ላይ እያለ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ የውሃ ፖምፓውን፣ የፊትና የኋላ ዘይት መከላከያዎቹን ቀየርኩ። ቺንጋው ሲገባ በሁለቱ የካም ፑሊዎች ላይ ካሉት የአይ እና የኢ ምልክቶች መካከል 19 ጥርስ መቁጠር አለባችሁ። በአንድ ጥርስ ከተዛነፈ ሞተሩ ይነሳል፤ ግን ይደክማል። በነገራችን ላይ 1.6 ሞተር ይዘው ለሚቆዩ፦ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክራንክሻፍት አፍንጫው አጭር ነው። ፑሊው ላይ 4 ክፍተት ካያችሁ አጭሩ ነው፣ 8 ከሆነ ረጅሙ። አጭሩ ላይ የፑሊው ብሎን ከላላ ፑሊውን ከክራንኩ ጋር የሚያያዘው ትንሽ ብረት (ቁልፉ) ቦታውን ይበላና ታይሚንጉ ራሱ ይንሸራተታል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ቱርቦ ከማሰብ በፊት ሞተሩ እየሠራ ፑሊው ሲወዛወዝ አለመወዛወዙን እዩ።

ዲፈረንሻሉን አልቀየርኩም። ሰው ሁሉ የ1.8ቱን ቶርሰን (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሾር የሚያደርግ ዲፈረንሻል) ያወድሳል፤ ጠንካራነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ምጣኔው (ቸርኬው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ የሚዞረው ብዛት) 4.1 ነው፤ የኔው 4.3 ነው። ሞተሩ ካመጣው 10 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ የመሳብ ኃይል ግማሽ ያህሉን ረጅሙ ምጣኔ ይወስደዋል። አክስሎቹና ካርዳኑም አብረው መቀየር አለባቸው። ቱርቦ ለሌለው 1.8 ሞተር የድሮው ዲፈረንሻል ይችላል፤ ቶሎ የሚስበውም እሱ ነው። ያው መንገድ፣ ያው 3ኛ ማርሽ፣ ሰዓቱ አሁን 6 ሰከንድ አካባቢ ነው።

ሞተር ከመጫናችሁ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ጥቁር መሆን አለበት። ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ካደላ ፕላስቲኩ ደርቋል፤ ሊሰነጠቅ ተቃርቧል። የኔው ቡናማ ነበር። ሞተሩ ወርዶ ሳለ ራዲያተሩን ለመቀየር ቦታው ሁሉ ክፍት ስለሆነ ያኔውኑ ከነላስቲክ ቱቦዎቹና ከነቴርሞስታቱ ቀየርኩት።